ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቴ ጠበበኝ

ውድ አማካሪ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት የመኝታ ቤቱን በር ዘግቼ ነው። ባለቤቴ ሳሎን ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

ዕድሜዬ 59 ነው። በትዳር 34 ዓመት ኖረናል። ሦስት ልጆች አሳድገናል፤ ሦስቱም ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ሥራዬን ትቼ ቤት ዋልኩ። እሱ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እስከ ክፍል ኃላፊነት ደርሶ፣ የዛሬ ዘጠኝ ወር ጡረታ ወጣ። ሽኝት ተደረገለት፣ ስጦታ ተሰጠው፣ ንግግር ተደረገለት። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ። «አሁን ገና አብረን ልንኖር ነው» አልኩ።

የመጀመሪያው ወር ጥሩ ነበር። ልጆቹ ጋ ሄድን፣ ዘመድ ጠየቅን። ከዚያ በኋላ ቤት መዋል ጀመረ። መዋል ስል መዋል ነው። ከኋላ ከኋላዬ ይላል። «ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ?» «አሁን የት ልትሄጂ ነው? ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?» ስልክ ሳወራ ቴሌቪዥኑን ቀንሶ ያዳምጣል፤ ስጨርስ «ማነች? ምን አለች?» ይላል። ደብተር ገዝቶ የቤቱን ወጪ መመዝገብ ያዘ። 34 ዓመት ቤት ያስተዳደርኩ ሴት የሳሙና ደረሰኝ አምጪ እባላለሁ። ድሮ ብቻዬን ስሆን ምሳ ብዬ አልጨነቅም፤ ያገኘሁትን ቀምሼ አልፍ ነበር። አሁን ልክ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ይላል።

የባሰው የሆነው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። እህቴ ጋ ውዬ ስመለስ ወጥ ቤቱን በሙሉ ገልብጦ አደራጅቶ ጠበቀኝ። ድስቱ ሌላ ቦታ፣ ሳህኑ ሌላ ቦታ። በየመደርደሪያው ላይ በራሱ እጅ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። እኔ ግን ጮህኩበት። «እዚህም መጥተህ አለቃ ልትሆንብኝ ነው? ይሄ መሥሪያ ቤትህ አይደለም!» አልኩት። በ34 ዓመት እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ምንም አልመለሰልኝም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ቅርጫት ውስጥ ጣላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም አይነካም፤ ምንም አይጠይቅም። ደብተሩንም አላየሁትም። ጠዋት ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፣ ሲመሽ ይነሳል። ድሮ የሥራ ጓደኞቹ ሲደውሉለት እየሳቀ ያወራ ነበር። አሁን «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ዝምታው ከጥያቄው ባሰብኝ።

እኔም ደህና አይደለሁም። የእግሩን ኮቴ ስሰማ ሆዴ ይቆርጠኛል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጉዳይ ሳይኖረኝ ጉዳይ አለብኝ እያልኩ እወጣለሁ። ባለፈው ለሁለት ቀን ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ፣ በሩ ሲዘጋ ትንፋሼ መለስ አለ። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህ ሰው አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ ዕድሜውን ሙሉ ለእኛ ሠርቷል። ታዲያ ሲወጣ ደስ የሚለኝ ለምንድን ነው? ክፉ ሚስት ሆኛለሁ ማለት ነው? ለልጆቼ እንዳልነግር አባታቸውን ማሳጣት ይመስለኛል። ምን ይሻለኛል?

ቤቴ የጠበበኝ

ውድ እህቴ፣

ክፉ ሚስት አይደሉም። ከሁሉ በፊት ይህን ይያዙልኝ። ባሏን የጠላች ሴት በሩ ሲዘጋ እፎይ ትላለች እንጂ ተቀምጣ አታለቅስም። እርስዎ እፎይም ብለዋል፣ አልቅሰዋልም። ሁለቱም የልብዎ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አንዲት ቃል ሁለት ቦታ ላይ አገኘሁ። ስለ ራስዎ ሲጽፉ «ሥራዬን ትቼ ቤት ዋልኩ» አሉ። ስለ ባለቤትዎ ሲጽፉ ደግሞ «ቤት መዋል ጀመረ» አሉ። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ለየቅል ነው። እርስዎ ቤት አልዋሉም፤ ሲሠሩ ነው የኖሩት። ምን እንዳለቀ፣ ምን እንደጎደለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ምን እንደሚለብስ 34 ዓመት በጭንቅላቱ ይዞ የዞረ ሰው ሥራ ላይ ነበር። ያ ቤት መሥሪያ ቤትዎ ነው። የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ፀጥታ ነበረው። ድስቱ እዚያ ቦታ የተቀመጠው እጅዎ ሳይፈልግ ስለሚያገኘው ነው።

እስቲ ነገሩን ገልብጠው ይዩት። ባለቤትዎ ሥራ ላይ ሳሉ እርስዎ አንድ ቀን ጠዋት ቢሯቸው ሄደው፣ ወንበር ስበው አጠገባቸው ቢቀመጡስ? «ይሄ ፋይል ለምን እዚህ ተቀመጠ? አሁን ማን ነው የደወለው?» እያሉ ዘጠኝ ወር ቢቀጥሉስ? እሳቸውም አንድ ቀን መጮሃቸው አይቀርም ነበር። «ይሄ መሥሪያ ቤትህ አይደለም» ያሉት ንግግር ሳይወጣ የቀረ ግማሽ አለው። «የእኔ መሥሪያ ቤት ነው» የሚለው ነው። እሳቸው የሰሙት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እሳቸው ልምጣ። በየመደርደሪያው ስለለጠፏቸው ወረቀቶች ያነበብኩ ጊዜ አንጀቴን በሉኝ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያደራጁ፣ ሲመዘግቡ፣ ሲያስተካክሉ ኖረዋል። ጠዋት ሲነሱ የሚጠብቃቸው ሰው ነበር። ከዚያ በአንድ ቀን ቆመ። እርስዎን ለማስደሰት ሲፈልጉ በእጃቸው የነበረው ሙያ ይኸው ብቻ ነው፤ ይዘውት ወደ ወጥ ቤቱ ገቡ። ፊታቸው ላይ ያዩት ደስታ የአለቃ ደስታ አይመስለኝም። «ዛሬ እኔም አንድ ነገር ሠራሁ» የሚል ሰው ደስታ ነው የመሰለኝ። ይህን ስል ጩኸትዎን ልኮንን አይደለም። ቤትዎን ሳይጠይቁዎት ነው የገለበጡት፤ መናደድዎ ተገቢ ነው።

ሽኝቱና ስጦታው ያታልላል። ሁላችንም ጡረታን እንደ ዕረፍት ነው የምናየው። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ራሂ የተባሉ ሁለት የሥነ አእምሮ ተመራማሪዎች ሰውን የሚያናጉ 43 የሕይወት ለውጦችን በነጥብ ደርድረው ነበር። ከሥራ መባረር 47 ነጥብ አገኘ። ጡረታ 45፤ አሥረኛ ነው። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ብቻ! በንግግርና በስጦታ የተሸኘ ሰውም ውስጡ ከሥራ እንደተባረረ ሰው ሊናወጥ ይችላል። ደግሞ ለተባረረ ሰው «አይዞህ» ይባላል። ለጡረተኛ ግን «እንኳን ደስ አለህ» ነው የሚባለው። ሐዘኑን የት ይንገር?

የእርስዎ ሆድ ቁርጠትና እንቅልፍ ማጣትም ከምንም የመጣ አይደለም። ጃፓናዊው ሐኪም ኖቡኦ ኩሮካዋ እ.ኤ.አ. በ1991 ባላቸው ጡረታ የወጣባቸው ሚስቶች ላይ የሚያየውን ሕመም ስም ሰጥቶት ነበር። ስሙ «ባል ቤት ሲውል የሚመጣ ጭንቀት» እንደማለት ነው። ሴቶቹ ሆዳቸውን፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ እንቅልፍ ያጣሉ። እኔ ስሙን ብዙም አልወደውም፤ ጥፋቱን ሁሉ ባልየው ላይ የጫነ ይመስለኛል። ግን እርስዎ ብቻዎን እንዳልሆኑ ይነግርዎታል። ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ። ፊሊስ ሞይን የተባለች አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው ጥናት፣ በባልና ሚስት መካከል ግጭት ከፍ ብሎ የታየው ገና ጡረታ በተወጣበት ሰሞን ነው። በጡረታ የቆዩት ረገብ ብለዋል። እናንተ ዘጠነኛ ወራችሁ ነው። ዳገቱ መሃል ናችሁ።

ከሁሉ በፊት የሚያሳስበኝ ዝምታቸው ነው። ኩርፊያ ብቻ ከሆነ ያልፋል። ኩርፊያ ግን ከሥራ ጓደኛ ጋር መሳቅን አያስተውም። ሰው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ከከፋው ወይም የሚወደው ነገር ካላስደሰተው፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱም ከተቀየረ፣ ሐኪሞች የድባቴ ሕመም ይሆናል ብለው ይመረምራሉ። ሦስት ሳምንት ሆኗችኋል። እስቲ ያስተውሏቸው። ይበላሉ? ይተኛሉ? «ከእንግዲህ ምን እረባለሁ» ዓይነት ንግግር ይናገራሉ? ሞትን የሚያነሱ ከሆነ አንድ ቀንም አይጠብቁ። የቴሌቪዥኑ ድምፅም ቀላል ነገር አልመሰለኝም። ጆሯቸው እየደከመ ሊሆን ይችላል። በስልክ የሚባለው በደንብ የማይሰማው ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ መዝጋት ይቀለዋል፤ ቀስ በቀስም ከሰው ይርቃል። እሱም በምርመራ የሚታወቅ ነው። «አንተ ታመሃል» ካሏቸው እምቢ ይሉ ይሆናል። «ሆዴ እያመመኝ ስለሆነ ሐኪም ልታይ ነው፤ አንተም አብረኸኝ ና፣ ሁለታችንም እንታይ» ቢሏቸውስ? ውሸት የለበትም፤ እርስዎም መታየት አለብዎት።

ያቺን ቀን ደግሞ ማንሳት ግድ ይላል። ሳትነሳ ከቆየች በመካከላችሁ እንደ ግድግዳ ትቆማለች። ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ባያነሷት ጥሩ ነው። ወጣ ብላችሁ፣ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ቢሆን ይሻላል፤ ፊት ለፊት ተፋጦ መናገር ለብዙ ወንዶች ይከብዳል። ይቅርታ የሚጠይቁት ስለ ጩኸቱ ይሁን፤ ስለ ተሰማዎት ነገር አይሁን። እንዲህ ቢሉስ፦ «ያን ቀን መጮኼ ልክ አልነበረም። ወረቀቶቹን ስትነቅል ሳይህ ልቤ ተሰበረ። ግን ለምን እንደጮህኩ ልንገርህ። ያ ወጥ ቤት 34 ዓመት የሠራሁበት ቦታ ነው። ሳልጠየቅ ሲገለበጥ፣ የሠራሁት ሁሉ ስህተት ነበር የተባልኩ መሰለኝ።» ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ «ከሥራህ ምኑ ነው የናፈቀህ?» ጠይቀው ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም አይሙሉት። በዘጠኝ ወር ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ራስዎ ልመልስዎት። ባለቤትዎ ጡረታ ወጡ። እርስዎስ መቼ ነው የሚወጡት?

ይህን ጥያቄ ቀለል አድርገው አይለፉት። ለእርስዎ ሽኝት ያዘጋጀ የለም፤ ንግግር ያደረገልዎት የለም። የእሳቸው ሥራ ሲያበቃ የእርስዎ በአንድ ምሳ ጨመረ። ቤት ከጠበበባቸው ምክንያቶች ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ሁለት ሰው በአንድ ቤት፤ አንዱ ሥራ አጥቷል፣ አንዷ ሥራ በዝቶባታል።

እና ምክሬ ይኸው፦ ምሳውን ይስጧቸው። «አግዘኝ» አላልኩም፤ ይስጧቸው ነው ያልኩት። ማገዝ ማለት «ያንን አቀብለኝ፣ ይህን ግዛ» መባል ነው። ክፍል ሲመራ የኖረ ሰው በስተርጅና ተላላኪ መሆን ደስ አይለውም። ሙሉ ሥራ መስጠት ግን ሌላ ነው። ምን እንደሚሠራ የሚያስቡት እሳቸው፣ የጎደለውን አይተው የሚገዙት እሳቸው፣ የሚያበስሉትም ዕቃውን የሚያጥቡትም እሳቸው። የምሳው ኃላፊ እሳቸው ናቸው። በዚያ ሰዓት እርስዎ ወጥ ቤት አይገቡም። ማብሰል ጨርሶ የማይሆንላቸው ከሆነ የሳምንቱን ግዢ ወይም የቤቱን ጥገናና ክፍያ ሁሉ ይረከቡ። እኔ ግን ከምሳው ብትጀምሩ እመርጣለሁ፤ ያሰረዎት እሱ ነውና።

ከባዱ የእርስዎ ድርሻ ነው። መጀመሪያ ጨው ይበዛል፣ ድስት ያርራል። «ተወው እኔ ልሥራው» የሚለው ቃል ምላስዎ ጫፍ ላይ ይመጣል። እውነትዎን ነው፤ እርስዎ ቢሠሩት ይሻላል። ግን ያን ቃል ሁለቴ ካሉት እሳቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለሳሉ። እስቲ በየዋህነት ልጠይቅዎት፦ ወጥ ቤቱን ማካፈል የሚያስፈራዎት ነገር ይኖር ይሆን? ልጆቹ ከወጡ በኋላ «እኔ ነኝ የማውቀው» የሚሉት ቦታ እሱ ብቻ ቀርቶ ከሆነ፣ መፍራትዎ ይገባኛል። መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስዎ ይንገሩት።

ብቻዎን መሆን ያምርዎታል፤ ይህም ነውር የለበትም። ጉዳይ ሳይኖር ጉዳይ አለብኝ ማለቱን ግን ይተዉት፤ እሳቸውም የሚሸሿቸው መሆንዎን ሳያውቁ አይቀሩም። በግልጽ ይጠይቁ። «በሳምንት ሁለት ጠዋት ቤቱን ለእኔ ተውልኝ» ይበሏቸው። በእነዚያ ጠዋቶች እሳቸው የሚሄዱበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ሙያቸውን የሚፈልግ ማኅበር፣ ሥራ የሚያስተምሩት ወጣት፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ አብሯቸው በእግሩ የሚንሸራሸር ጓደኛ፣ ማንኛውም ይሆናል። እርስዎ መርጠው አይስጧቸው፤ «ምኑ ነው የናፈቀህ?» ሲሏቸው ከሚመልሱት ውስጥ ይወጣል። ሥራው ከናፈቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ሰዉ ከናፈቃቸው ሌላ ነው።

አንድ ትንሽ ነገርም ልጨምር። ባለቤትዎ በር ያለው ቢሮ ነበራቸው። አሁን ያላቸው የሶፋ ጫፍ ነው። ልጆቹ ከወጡ ባዶ የቀረ ክፍል ካለ ጠረጴዛና ወንበር ይግባበት፤ የእሳቸው ይሁን። እዚያ ወረቀት ቢለጥፉ ማንም አይነካባቸውም። ምናልባት ከኋላ ከኋላዎ ሲሉ የነበሩት፣ ቤቱ ውስጥ የት እንደሚቀመጡ ጠፍቷቸው ይሆናል።

ደብተሩን ደግሞ ቁጥጥር ብቻ አድርገው ባያዩት። ደመወዝ ቆሞ አበል ሲተካው ብዙ ሰው «ይበቃን ይሆን?» እያለ ሌሊት ይቆጥራል፤ አፍ አውጥቶ ግን አይናገርም። በየወሩ የሚገባው ስንት እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ? የማያውቁ ከሆነ «ደብተርህን አምጣና አብረን እንየው» ይበሏቸው። የሚገባውን፣ የግድ የሚወጣውን፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጠውን አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ ለእያንዳንዳችሁ ማንም «ምን አደረግሽበት፣ ምን አደረግህበት» የማይለው ጥቂት ገንዘብ ይለይ። ያኔ የሳሙና ደረሰኝ የሚጠየቅበት ምክንያት ያንሳል። ይህን ሁሉ አድርገውም መውጫ መግቢያዎን መቆጣጠሩና ስልክዎን ማዳመጡ ከቀጠለ ግን ነገሩ የጡረታ ብቻ አይደለም። ያኔ ሁለታችሁም የጋብቻ አማካሪ ፊት ተቀምጣችሁ ብትነጋገሩ እመክራለሁ።

ለልጆችዎ መንገር አባታቸውን ማሳጣት አይደለም፤ አነጋገሩ ነው የሚወስነው። «አባታችሁ አስቸገረኝ» ካሉ ዳኛ ያደርጓቸዋል። «እኔና አባታችሁ አዲሱን ኑሮ ገና እየለመድነው ነው፤ ለሁለታችንም ከብዶናል» ካሉ ግን የማንንም ገመና አላወጡም። አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቋቸው። ለአባታቸው «ደህና ነህ ወይ?» ብለው ብቻ አይደውሉ። ምክሩን በእውነት የሚፈልጉበት ነገር ሲኖር ይደውሉለት፦ ውል ሲፈርሙ፣ ዕቃ ሲገዙ፣ ከአለቃ ጋር ሲጋጩ።

ምሳውም፣ ክፍሉም፣ ደብተሩም ቀስ ብለው ይደርሳሉ። የሐኪም ቀጠሮውን ግን በዚህ ሳምንት ይያዙ።